ማሽንን በቀጥታ ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር ማዘዝ፦ ጥያቄና መልስ

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ወርክሾፖች የራሳችሁን የሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ የመቁረጫና የመቅረጫ ማሽን) መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ለምትጽፉ ነው። ስትጠይቁ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ስሪት፣ የማዘርቦርዱን ዓይነትና የለካችሁትን ትልቁን መዘግየት (ፕሮግራሙ ከታዘዘበት ሰዓት ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚነቃ) ጨምሩ። የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍ ደግሞ በሶፍትዌር አያልፍም፤ የሞተሮቹን ኃይል በኮንታክተር (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ) በቀጥታ ይቁረጥ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ዊንዶውስ ላይ በሲፕላስፕላስ እየጻፍኩ ነው። ሉፑን (ማሽኑን የሚያዘውን እየተደጋገመ የሚሮጥ ኮድ) 1 ሚሊ ሰከንድ ተኛ ስለው አንዳንዴ 15 ይቆያል። ኮዴ ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ኮድህ ምንም አልሆነም። የዊንዶውስ ሰዓት ቆጣሪ ካልነካኸው በየ15.6 ሚሊ ሰከንድ ነው የሚመታው። ወደ 1 ማውረድ ይቻላል፤ ግን በሰዓቱ ለመንቃትህ ዋስትና የሚሰጥህ የለም። ሊኑክስ ከፕሪኤምፕት አርቲ ጋር ጫን፤ ሥራ በሰዓቱ እንዲነቃ የሚያደርግ የከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ አማራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 6.12 ከርነል ውስጥ ገብቷል፤ ሆኖም ከርነሉ ሲገነባ ካልተመረጠ አይሠራም። ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የተዘጋጀ የአርቲ ከርነል አለ።

ጥያቄ፦ መርካቶ የተገዛ ያገለገለ ዴስክቶፕ ይበቃል? አማካይ መዘግየቱ 4 ማይክሮ ሰከንድ ነው።

መልስ፦ አማካዩን ተወው፤ ማሽን የሚያበላሸው ትልቁ ነው። ሳይክሊክቴስትን (መዘግየት የሚለካ ፕሮግራም) ሌሊቱን ሙሉ አሂደው፤ ጎን ለጎን ቪዲዮ ይጫወት፣ ትልቅ ፋይል ይገልበጥ። ሥራ ፈት ኮምፒውተር ላይ የተለካ ቁጥር አታምጡልኝ።

ለምን እንደሆነ አስሉት። ሞተሩ በዙር 200 እርምጃ፣ ድራይቨሩ (ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው ሰሌዳ) እያንዳንዱን በ10 ይከፍላል፣ ስክሩ በዙር 5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ለ1 ሚሊ ሜትር 400 ፐልስ (እያንዳንዱ አንድ ትንሽ እርምጃ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ምልክት) ማለት ነው። በደቂቃ 3000 ሚሊ ሜትር ካልክ በሰከንድ 20,000 ፐልስ፣ አንዱ 50 ማይክሮ ሰከንድ። ፐልሱ መነሣትም መውደቅም ስላለበት ሉፕህ በየ25 ማይክሮ ሰከንዱ መንቃት አለበት። እዚያ ላይ 30 ብትዘገይ የፐልሱ ርቀት ይዛባል፤ ሞተሩ እርምጃ ይጥላል፤ ሶፍትዌርህ ግን የደረሰ ይመስለዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ግባ። ሲ-ስቴትን (የፕሮሰሰሩን እንቅልፍ)፣ ቱርቦን (የፍጥነት መጨመሪያውን) እና ሃይፐርትሬዲንግን (አንዱን ኮር እንደ ሁለት የሚያሠራውን) አጥፋ። የድሮውን የዩኤስቢ ድጋፍም አጥፋ፤ ከርነሉ ሳያውቅ ፕሮሰሰሩን የሚነጥቅ የማዘርቦርድ ጥሪ (ኤስኤምአይ) ያመጣል። ቀጥሎ አንድ ኮር በአይሶልሲፒዩስ (ከርነሉ ሲነሣ በሚሰጥ ትእዛዝ) ለሉፑ ብቻ ለይ። ቁጥሩ አሁንም ካልወረደ ማዘርቦርዱን ቀይር። ከዚያ ይልቅ ፐልሱን ኤፍፒጂኤ (በራሱ ሰዓት ፐልስ የሚያወጣ ቺፕ) ላለው ካርድ፣ ለምሳሌ ለሜሳ 7አይ96ኤስ፣ ብትሰጠው ኮምፒውተሩ በየ1 ሚሊ ሰከንዱ ብቻ ያዛል። እዚያ 100 ማይክሮ ሰከንድ መዘግየት ችግር አይደለም።

ጥያቄ፦ ካርዱ ስንት ነው?

መልስ፦ ዋጋ አልመልስም።

አንድ አባል፦ ታዲያ ኮምፒውተሩ ለምን አስፈለገ? አርዱይኖ በሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ጂአርቢኤል የተባለው የሲኤንሲ ሶፍትዌር በሰከንድ እስከ 30,000 ፐልስ ይሰጣል።

ሌላ አባል፦ ሦስት አክሲስ (የመንቀሳቀሻ አቅጣጫ) ላለው የእንጨት መቅረጫ ራውተር አዎ። አምስት አክሲስ ከኢንኮደር (ቦታን ከሚለካ መሣሪያ) ጋር አምጣና እናያለን።

አንደኛው፦ እዚህ ስንቱ ነው አምስት አክሲስ ያለው? በር የሚቀርጽ ሰው ይህን ሁሉ ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። በር ለመቅረጽ ጂአርቢኤል ይበቃል። እዚህ የምናወራው የራሱን መቆጣጠሪያ ለሚጽፍ ሰው ነው፤ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ሉፑ ራሱ እንዴት ይጻፍ?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። መጀመሪያ ኤምሎክኦልን ጥሪ፤ ሜሞሪው ወደ ዲስክ እንዳይወጣ። ትሬዱን (ሉፑ የሚሮጥበትን የፕሮግራሙን ክፍል) በስኬድ ፊፎ በሚባለው የሊኑክስ የቅድሚያ ሥርዓት፣ ቅድሚያ 80 አድርጊው። እንቅልፉ በክሎክ ናኖስሊፕ፣ በቁርጥ ሰዓት (የሚነቃበት ሰዓት ራሱ ተሰጥቶት) ይሁን፤ «1 ሚሊ ሰከንድ ተኛ» ካልሽ የሥራው ጊዜ በየዙሩ ተደምሮ ሉፑ ይንሸራተታል። ሉፑ ውስጥ ማሎክ (ሜሞሪ መጠየቅ)፣ ፕሪንትኤፍ (ጽሑፍ ማውጣት)፣ ፋይል መክፈት የለም። ለስክሪኑ የሚሄደውን በሪንግ በፈር (በዙር በሚሞላ የጋራ ሜሞሪ) ለሌላ ትሬድ ስጪ። ሚውቴክስ (ሁለት ትሬድ አንድ ዳታ በአንዴ እንዳይነኩ የሚዘጋ ቁልፍ) ግድ ከሆነ ቅድሚያ የሚያወርስ ይሁን፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ ያረፈውን የፓዝፋይንደር ኮምፒውተር ደጋግሞ ያስነሣው የዚህ ጉድለት ነው።

ደግሞም ሳትተኚ እየዞርሽ አትጠብቂ። የከርነሉ ቅንብር ካልተቀየረ፣ ሌሎች ሥራዎች ሲጠብቁ ለአርቲ ሥራ ከሰከንዱ 950 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይፈቅዳል፤ በቀረው 50 ማሽኑ መሃል ላይ ቀጥ ይላል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕ ላይስ ይሠራል?

መልስ፦ አይሆንም። ለባትሪና ለፋን የሚመጣው ኤስኤምአይ ብዙውን ጊዜ ከባዮስ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ማሽኔ አንዳንዴ ይዘላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው አክሲስ? በምን ፍጥነት? መዘግየቱ ስንት? ከላይ የጠየቅኩትን ሳትጽፍ ምን ልበልህ?

አንድ አባል፦ ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያዞረው ሞተር) ሲነሣ ብቻ ከሆነ የኢንቨርተሩን (የፍጥነት መቆጣጠሪያውን) ገመድ ከሲግናሉ ገመድ አርቀው፤ ሺልድ ያለው ተጠቀም፤ ኧርዙን እይ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፑ ኮር አይ7 ቢሆንስ?

መልስ፦ ተመልሷል፤ ወደ ላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋስ? ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ አለው።

መልስ፦ ኮምፒውተሩ ይተርፋል፤ ሞተሮቹ ግን ቦታቸውን ይለቃሉ። መብራት ሲመለስ ስክሪኑ የሚያሳየው ቁጥር ሐሰት ነው። ስለዚህ የድራይቨሩ ኃይል መኖሩን የሚነግር ግብዓት አስገባ፤ ሲቋረጥ ፕሮግራሙ ይቁም፣ ሆም ሳይደረግ (ማሽኑ ወደ መነሻ ነጥቡ ሳይመለስ) እንቅስቃሴ አይፍቀድ። ኮንታክተሩም በራሱ መልሶ ኃይል እንዳይሰጥ በስታርት ቁልፍ አድርገው፤ አለበለዚያ ቢት (መቁረጫ) እየቀየርክ ሳለ መብራት ሲመጣ ስፒንድሉ እጅህ ላይ ይነሣል።