ማንን እንጋብዝ? ለቱሉ ዲምቱ ወጣቶች የተጻፈ ምክር

ልጆቼ፣

እንግዳ መጥራት እንጀራዬ ነበር። በፕሮቶኮል ሙያ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ የማን ስም ከማን በፊት እንደሚጠራ ሳስብና ሳሰላ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ያንን በቪዲዮ ብዙ ተከታይ ያፈራ ሰው ለቅዳሜው ውይይታችን እንጋብዝ፣ አንጋብዝ ብላችሁ የኮንዶሚኒየማችን ኮሚናል ውስጥ ለሁለት ስትከፈሉ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ግማሾቻችሁ «ይምጣና ይናገር፣ የመናገር ነጻነት ለማን ነው?» አላችሁ። ግማሾቻችሁ ደግሞ «ብሔር እየጠራ ሲሳደብ ለኖረ ሰው ማይክ አንሰጥም» ብላችሁ ተነሳችሁ። ከዚያ አንደኛው ወገን ሌላውን ፈሪ፣ ሌላው ደግሞ ያንን ጽንፈኛ ማለት ጀመረ። እዚያ ላይ ነው ልቤ የደነገጠው።

ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጋችሁ ነው የተጣላችሁት። መናገር የተናጋሪው መብት ነው፤ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ላይ ደንግጎታል። መጋበዝ ግን የጋባዡ ሥራ ነው። ማንም ሰው በእናንተ መድረክ ላይ የመጋበዝ መብት የለውም። ስለዚህ አንድን ሰው ሳትጋብዙ ስትቀሩ አፉን አልዘጋችሁም፤ ስትጋብዙት ግን ስማችሁን አበድራችሁታል። ጋባዡ ትልቅ በሆነ ቁጥር ብድሩም ይከብዳል። ከጋባዦች ሁሉ ትልቁ ደግሞ የሕዝብ ምክር ቤት ነው፤ እዚያ የሚቀመጥ እንግዳ የሚከበረው በመላው ሕዝብ ስም ነውና።

ከእናንተ አንዷ በስልኳ ያሳየችን የካናዳ ፓርላማ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ስለሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 2023 የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ቮሎዲሚር ዜሌንስኪ ኦታዋ ሄደው ለምክር ቤቱ ንግግር አደረጉ። በዚያው ዕለት አፈ ጉባኤው አንተኒ ሮታ ሰገነት ላይ የተቀመጡ አንድ የ98 ዓመት አዛውንት አስተዋወቁ። ያሮስላቭ ሁንካ የሚባሉ፣ ሮታ ከተመረጡበት አካባቢ የመጡ ሰው ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለዩክሬን ነጻነት ሩሲያን የተዋጉ ጀግና ተብለው ቀረቡ። ቤቱ ተነስቶ አጨበጨበላቸው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም፣ ተቃዋሚውም፣ ዜሌንስኪም ጭምር። ቀናት ሳይቆይ ታሪኩ ወጣ። ሰውዬው የተዋጉት ዋፈን ኤስኤስ በሚባለው የናዚ ጀርመን ታጣቂ ኃይል ሥር በነበረው በ14ኛው ክፍለ ጦር ውስጥ ነበር። እንግዳው ፕሬዚዳንት አይሁዳዊ ናቸው፤ ከአያታቸው ወንድሞች መካከል በናዚዎች እጅ ያለቁ አሉ። የተጨበጨበው እሳቸው በተገኙበት አዳራሽ ነው።

ይህን ሁሉ ውርደት የሚያስቀር አንድ ጥያቄ ነበር። በዚያ ጦርነት ሶቪየት ኅብረት ከካናዳ ጋር በአንድ ወገን ሆና ሂትለርን ትወጋ ነበር። ታዲያ ያን ጊዜ ሩሲያን የተዋጋ ሰው የማንን መለዮ ለብሶ ነው የተዋጋው? የሁለተኛ ደረጃ ታሪክ የተማረ ልጅ የሚጠይቀው ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ይዞ የጠየቀ ሰው አልተገኘም፤ እንግዳውን ያመጡት አፈ ጉባኤ ስለሆኑ ሌላው «ተጣርቶ ይሆናል» ብሎ ተቀመጠ። ይህን ዓይነት ዝምታ በሥራዬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እንግዳው በትልቅ ሰው በኩል ሲመጣ አጣሪው ያፍራል።

የማጣራት ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ። እንግዳ ሲመጣ ግማሽ ገጽ የሕይወት ታሪክ ይዞ ይመጣል፤ ወይ ራሱ ጽፎታል፣ ወይ ልጁ ወይ ጸሐፊው ጽፎለታል። የተወለደበት፣ የተማረበት፣ የተሸለመበት ሁሉ አለ። እኛ ያንን ወረቀት ስንቀበል መጀመሪያ የምናየው የተጻፈውን አልነበረም። ዓመቶቹን በእርሳስ እናሰምርና የተዘለሉትን እንፈልጋለን። እዚህ ትምህርቱን ጨረሰ፣ እዚያ ሥራ ጀመረ፤ በመሃል ያሉት አራት ዓመታት የት ሄዱ? ኅዳጉ ላይ የጥያቄ ምልክት እናደርግና ስልክ እንደውላለን። የምንደውለው ለእሱ አይደለም፤ አብሮት ለሠራ፣ ከተቻለም ከእሱ ጋር ለተጣላ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ቀላል ነው፦ ታሞ ነበር፣ ውጭ አገር ነበር፣ ታስሮ ነበር። አንዳንዴ ግን ዝርዝሩ ሁሉ ይቀየራል። ራሱን ሲያስተዋውቅ ኃጢአቱን የሚጽፍ ሰው የለም። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ማንም አያመሰግናችሁም። እኔ ግን በሙያዬ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ያንን ነው።

የኦታዋው ነገር መዘዙ ሰፊ ነበር። ሮታ በቀናት ውስጥ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በፓርላማው ስም ይቅርታ ጠየቁ። ሩሲያ ደግሞ ዩክሬንን ለማጥቂያ የፕሮፓጋንዳ ስንቅ አገኘች። ይህን የምነግራችሁ አንድ ያልተጣራ እንግዳ የሚጎዳው ጋባዡን ብቻ እንዳልሆነ እንድታዩ ነው። የሚጎዳው እንግዳው የተጠራበት ጉዳይ ራሱ ነው።

አሁን «ይከልከል» የምትሉት ልጆች ደስ አይበላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኔዘርላንዱ ፖለቲከኛ ኼርት ቪልደርስ እስልምናን የሚያወግዝ አጭር ፊልሙን እንዲያሳይ ከእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት አባል ግብዣ ደረሰው። መንግሥት አትገባም አለው፤ እሱም በየካቲት ወር ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ተመለሰ። ፊልሙ ግን እሱ በሌለበት እዚያው ታየ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ እገዳው በፍርድ ተሻረ፤ በ2010 መጥቶ ራሱ አሳየው። እገዳው ያስገኘለት ነገር ቢኖር አንድ አዳራሽ ብቻ ሊሰማው የነበረውን ሰው ስም ዓለም ሁሉ እንዲያውቀው ማድረግ ነው።

ሌላው መንገድ ዝርዝር ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969ና በ1970 በአውሮፕላን ጠለፋ የተሳተፈችው ፍልስጤማዊት ላይላ ኻሌድ በ2017 በአውሮፓ ፓርላማ ውስጥ በተዘጋጀ መድረክ ላይ ተናገረች። ድርጅቷ በአውሮፓ ኅብረት የሽብር መዝገብ ላይ ያለ ነው። ቁጣው ሲበረታ የፓርላማው ፕሬዚዳንት አንቶኒዮ ታያኒ በመዝገቡ ላይ ያለ ሰው ወደ ቤቱ እንዳይጋበዝ ወሰኑ። ዝርዝር ሥራን ያቀልላል፤ ስሙ ካለ አይገባም፣ ከሌለ ይገባል። ግን በዝርዝር ብቻ እንዳትመሩ የምመክራችሁ በዚህችው ከተማ ጓዳ ያለፈ ታሪክ ስላለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 ኔልሰን ማንዴላ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። መጀመሪያ በአፍሪካ ነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ተናገሩ፤ በኋላም ያኔ የከተማዋ ዳርቻ በነበረችው ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ውስጥ የጦር መሣሪያ አጠቃቀምና ፈንጂ አያያዝ ተማሩ። አገራቸው ሲመለሱ ተያዙ። ከ27 ዓመታት እስር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1990 በአሜሪካ ኮንግረስ የጋራ ስብሰባ ላይ ቆመው ንግግር አደረጉ። ልብ በሉ፤ ፓርቲያቸውን ኤኤንሲንና እሳቸውን የሚመለከተው የአሜሪካ የሽብር ክትትል መዝገብ የተስተካከለው በ2008 ነው። በኮንግረስ ፊት ከቆሙ ከ18 ዓመታት በኋላ ማለት ነው።

ታዲያ የዋሽንግተኑና የኦታዋው በምን ይለያያሉ? ዋሽንግተን ላይ የጋበዘው ሁሉ ማንን እንደጋበዘ ያውቅ ነበር። ማንዴላ በ1964 ፍርድ ቤት ቆመው የትጥቅ ትግሉን ለምን እንደመረጡ በግልጽ ተናግረዋል፤ የደበቁት ዓመት የለም። ኦታዋ ላይ ግን እንግዳው ታሪካቸውን፣ ጋባዡም ጥያቄውን ዘለሉት። ሁለቱ የተዋጉለት ዓላማ መለያየቱንማ መናገር አያስፈልገኝም።

ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። የእኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን በአሸባሪነት ፈረጀ፤ ሰኔ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ፍረጃውን አነሳ። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ሕወሓትንና ሸኔን ፈረጀ፤ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕወሓትን ከመዝገቡ አወጣ። የትኛው ውሳኔ ልክ ነበር የሚለውን ለእናንተ ክርክር እተወዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ፍረጃው ሲነሳ የሞተው ሰው አልተነሳም። ትናንት አሸባሪ የተባለ ሰው ዛሬ በክብር ሲጋበዝ፣ በትናንቱ ውጊያ ልጇን ያጣች እናት ያንን በቴሌቪዥን ታያለች። ስለዚህ መዝገቡ ላይ አለ ወይስ የለም ብላችሁ አታቁሙ። ሰውዬው በማን ላይ ምን አደረገ ወይም ምን አለ? ዛሬስ ያንን ያደረገውን ምን ይለዋል? እሱ ሲናገር የተጎዳው ወገን የት ተቀምጦ ነው የሚሰማው?

በምክር ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ወንበር አለ። አንዱ የክብር እንግዳ ወንበር ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ይጨበጨብለታል እንጂ አይጠየቅም። ሌላው ቋሚ ኮሚቴዎች ረቂቅ ሕግ ሲመረምሩ በሚያዘጋጁት የአስረጂ መድረክ ላይ ያለው ወንበር ነው። እዚያ የሚመጣ ሰው የሚመጣው ሊጠየቅ ነው፤ የተናገረው ይመዘገባል፣ ተቃራኒ ሐሳብ ያለውም አጠገቡ ይቀመጣል። በእኔ እምነት አንድ ምክር ቤት አደገኛ ሐሳብ ያለውን ሰው ጨምሮ ማንንም በሁለተኛው ወንበር ላይ አስቀምጦ ሊሰማ ይገባዋል፤ ሕግ የሚያወጣ ሰው ሕጉ የሚነካውን ችግር ከሥሩ ማወቅ አለበት። በመጀመሪያው ወንበር ላይ ግን እጅግ ቆጣቢ መሆን አለበት። ጠቡ ሁሉ የሚመጣው ለሁለተኛው የሚገባውን ሰው በመጀመሪያው ላይ ስናስቀምጥ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ የምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው አስተያየት እንደማይከሰስ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ ይላል፤ እንግዳ ግን ይህ ከለላ የለውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 በእሱም፣ በእናንተም መድረክ ላይ ይሠራል።

አሁን ስለ እናንተው ሰው። ብዙ ተከታይ አለው፣ ቢመጣ አዳራሹ ይሞላል ብላችኋል። ይሞላ ይሆናል። ግን የምንኖርበትን ቦታ አስቡ። እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤቱን መርጦ የገባ የለም፤ ዕጣ ነው ያገናኘን። በአንድ ደረጃ ላይ የአራትና የአምስት ብሔር ልጆች አብረው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ በአንድ እድር ድንኳን ሥር አብረው ያለቅሳሉ። ከኮሚናሉ ትይዩ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ያ ሰው በቪዲዮው እየደጋገመ የሚያንቋሽሸው ሕዝብ ልጅ የሆነች እናት ትኖራለች። ለስብሰባችሁ ቡና የምታፈላላችሁ እሷ ናት። የኮሚናሉ ማይክ መስኮቷ ድረስ እንደሚሰማ ታውቃላችሁ። እሱን ብቻውን መድረክ ላይ አውጥታችሁ ስታጨበጭቡ እሷ ከመስኮቷ ምን ትሰማለች?

ስለዚህ እንደ ክብር እንግዳ እንዳትጠሩት በግልጽ እመክራችኋለሁ። «ከእሱ ጋር ፊት ለፊት ተከራክረን ሐሳቡን እንሞግት» የምትሉ ከሆነ ግን አልከለክላችሁም፤ እንዲያውም ከቻላችሁ ድፍረታችሁን አከብራለሁ። ያ ግን ዝግጅት ይፈልጋል። በየቦታው የተቆራረጠውን ክሊፕ ትታችሁ ሙሉ ቪዲዮዎቹን እዩ፤ ተቆርጦ የተበደለ ሰውም ሊሆን ይችላልና። ሰው ያስቆጣውን ንግግር ቃል በቃል፣ ከነቀኑ ጻፉ። ከዚያ ደውሉለትና «ይህን ብለዋል፤ ዛሬም በዚህ አቋም ላይ ነዎት?» በሉት። አዎ ካለና ሊጠየቅ ፈቃደኛ ካልሆነ ነገሩ አበቃ፤ ሌላ እንግዳ ፈልጉ። እጠየቃለሁ ካለ፣ ከተሰደበው ወገን የሆነና ለመናገር የማይፈራ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፤ እኩል ሰዓት ይሰጠው። አወያዩ ከሁለት አንዳችሁ ወገን አይሁን። ትይዩ ያለችውን ጎረቤታችሁን ደግሞ ፖስተር ከመለጠፋችሁ በፊት ሄዳችሁ አነጋግሯት፤ ከማስታወቂያ ላይ እንዳትሰማው።

ቃለ ጉባኤ ያዙ። ማን እንዲጠራ ሐሳብ እንዳቀረበ፣ ማን እንደተቃወመ፣ እንግዳው ምን ተጠይቆ ምን እንደመለሰ በስም ይስፈር። ኦታዋ ላይ ነገሩ ከፈነዳ በኋላ ከመንግሥት ወገን ያ በጭብጨባ የታጀበ ትውውቅ ከምክር ቤቱ መዝገብ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሙሉ ስምምነት ስላላገኘ ሳይሰረዝ ቀረ። እኔ ባለመሰረዙ ደስ ይለኛል። ቅዳሜያችሁ ቢበላሽ እንኳ ገጹን አትቅደዱት፤ ከእናንተ በኋላ ኮሚናሉን የሚረከቡት ታናናሾቻችሁ ከፍተው ማንበብ አለባቸው። ስልኩን ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይደውል፤ ሁለት ሆናችሁ ደውሉ፣ የመለሰላችሁንም በዚያው ቀን ጻፉት።