«ሚኒስትሪ 58 አመጣች፣ የት ላስገባት?» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅሽ በክፍሏ ከ1 እስከ 5 ስትወጣ የኖረች ልጅ ናት። እቴጌ መነን የልጃገረዶች አዳሪ ትገባለች ብላችሁ ተስፋ አድርጋችሁ ነበር። የ8ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ አማካይዋ 58 ሆነ። አሁን እሷ ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች። አንቺ ደግሞ እቁብሽን ቀድመሽ ወስደሽ የግል ትምህርት ቤት ልታስገቢያት እያሰብሽ ነው። «ወይስ ዝም ብላ የሰፈራችን የመንግሥት ትግባ?» ብለሻል።

የእኔ ልጅ በ2013 ያመጣው 61 ነው። ስለዚህ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ውጤት የወጣ ቀን ኔትወርኩ ተጨናንቆ እስከ ከሰዓት ድረስ አልከፍት አለ። እሱ የመለያ ቁጥሩን ደጋግሞ ያስገባል፣ እኔ ቡና እቆላለሁ። ድንገት ዝም አለ። ዞር ስል ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጦት፣ ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል። ከጎረቤት ደግሞ እልልታ ይሰማል። ያ እልልታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በማግስቱ ትምህርት ቤት ፍለጋ የወጣሁት ለልጄ ብዬ አልነበረም። ለእልልታው መልስ ለመስጠት ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን ውጤቷን በየትምህርቱ ለያይተሽ እይው። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ አንዱ ብቻ 15 ምናምን ከሆነ ቶሎ ቅሬታ አስገቢ፣ የቅሬታ ጊዜው አጭር ነው። ሁሉም እኩል ዝቅ ካለ ግን ውጤቱ የራሷ ነው። እዚያ ላይ ጊዜ አታጥፊ።

እኔ ሦስት የግል ትምህርት ቤት ዞርኩ። የመጀመሪያው ጋ ሬጅስትራሯ ካርዱን አየችና ቁጭ በይ እንኳን ሳትለኝ መለሰችኝ። ሁለተኛው የመግቢያ ፈተና ሰጠው፣ ወደቀ። ሦስተኛው እጁን ዘርግቶ ተቀበለን። ካርዱን በደንብ አላዩትም። የጠየቁን የምዝገባና የሩብ ዓመት ክፍያ ብቻ ነው። እኔም እፎይ አልኩ። ምንም ሳይጠይቅ የተቀበለ ትምህርት ቤት ምን ፈልጎ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

እኛ ኮተቤ፣ ትምህርት ቤቱ ቦሌ። ሁለት ታክሲ። ልጁ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ይነሳል፣ መገናኛ ሰልፍ ላይ ይቆማል፣ ማታ ጨለም ሲል ይገባል። እራቱን በልቶ ደብተሩ ላይ ያንቀላፋል። የ9ኛ ክፍል ውጤቱ ካርዱ ላይ ጥሩ ነበር፣ ሒሳብ እንኳን 80 ምናምን። እኔም ብሩ ሥራውን ሠራ ብዬ ነበር። በዓመቱ ክፍያ ሲጨምሩ ግን አቃተኝ። 10ኛን ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገባሁት።

ልናስመዘግብ የሄድን ቀን አንድ የሒሳብ መምህር በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ነጭ ጋውን፣ ጠመኔ በእጁ። ካርዱን አየና «ጎበዝ ነህ» አለው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሁለት ሦስተኛ ሲደመር አንድ አራተኛ ብሎ ጻፈ። ልጄ ጠመኔውን ተቀብሎ 3/7 ብሎ መለሰ። የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደመረው። መምህሩ አልሳቀም። እኔ ቶሎ ብዬ «7ኛ ክፍል እያለ ነው ኮሮና የገባው» አልኩ። እውነቴን ነው፣ መጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳይማሩ ነው ወደ 8ኛ የተዛወሩት። መምህሩ ግን «እናቴ፣ ይሄ የ5ኛ ክፍል ነው» አለኝ። ዓመት ሙሉ የከፈልኩበት ትምህርት ቤት ያንን አንድ ጥያቄ ጠይቆት አያውቅም።

የክፍል ደረጃ የሚነግርሽ ልጅሽ ከጎኗ ከተቀመጡት ስንተኛ እንደሆነች ነው። ምን እንደምታውቅ አይነግርሽም። 58ቱ ቢያንስ ትንሽ ይነግርሻል። ስለዚህ ት/ቤት ከመምረጥሽ በፊት ቀዳዳው የት እንደሆነ ፈልጊ። ዛሬ ማታ የጀነራል ሳይንስ መጽሐፏን አንድ አንቀጽ ጮክ ብላ ታንብብልሽና በአማርኛ ታስረዳሽ። አዲስ አበባ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ልጅ ሳይገባው እየሸመደደ ነው 8ኛን የሚጨርሰው። ካላስረዳችሽ ችግሩ ሳይንስ ሳይሆን ቋንቋ ነው። 9ኛ ክፍል ደግሞ በዚያው ቋንቋ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ለየብቻ ይመጣባታል። ከዚያ የ5ኛና የ6ኛ ሒሳብ ስጫት። ይሄን ክረምት እዚያ ላይ ብታሳልፊው የትኛውም የግል ትምህርት ቤት ከሚሰጣት ይበልጣል። የሰፈር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በትንሽ ብር ያስጠናታል።

ትምህርት ቤት ስትጎበኚ በር ላይ የተሰቀለው ባነር አያታልልሽ። የአንድ ጎበዝ ልጅ ፎቶና ውጤት ነው። አንቺ «12ኛ ስንት ተፈተኑ? ስንቱ ከ50 በመቶ በላይ አመጡ?» በዪ። መልሱን ካድበሰበሱት መልስ ነው። የ12ኛ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ስም ያለው ትምህርት ቤት ገመናው ወጥቷል። የመጀመሪያዎቹ፣ የ2014 ተፈታኞች፣ በአገር ደረጃ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። ከወደቁት ውስጥ ሚኒስትሪ 90 ምናምን አምጥተው እልል የተባለላቸው የሉም ትያለሽ?

ሌላው፣ የ9ኛን ሒሳብ ማን ነው የሚያስተምረው? ብዙ ቦታ ጎበዙን መምህር 12ኛ ላይ ይመድቡና 9ኛን ለአዲስ ገቢ ይተዉታል። ደከም ያለውን ልጅ 11ኛ ላይ «ሌላ ቦታ ፈልጊለት» ብለው የሚሸኙም አሉ፣ ስማቸው እንዳይበላሽ። ይሄን ከቢሮ አትሰሚም፣ በር ላይ ልጅ የሚጠብቁ እናቶችን ጠይቂ።

የመንግሥቱን ላሳምርልሽ አልፈልግም። ልጄ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ነበሩ። መጽሐፍ ስላልተዳረሰ በስልክ ፒዲኤፍ ነው ያነበበው። መምህር የቀረ ቀን ክፍለ ጊዜው በወሬ ያልቃል። ግን በእግሩ 12 ደቂቃ ነው። ያ ከታክሲ የተረፈ ሁለት ሰዓት ከእንቅልፉና ከጥናቱ ላይ ተደመረ። ያ መምህርም ቅዳሜ ጠዋት ቱቶሪያል ነበረው፣ ከክፍልፋይ ነው የጀመሩት። ባለፈው ዓመት 12ኛን ተፈተነ፣ ከ600 287 አመጣ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከሚያስፈልገው 300 ላይ 13 ጎደለችው። አሁን ሬሜዲያል (ነጥብ ለጎደላቸው የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት) ላይ ነው። ድል ነው አልልሽም፣ ግን 3/7 ብሎ ለጀመረ ልጅ እኔ ረክቻለሁ።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት እቁብሽን አትንኪው። የግል ከመረጥሽም በእግር ወይ በአንድ ታክሲ የሚደረስ ይሁን፣ አራቱን ዓመት ሳትበደሪ የምትችዪው ይሁን። የ9ኛን ክፍያ ብቻ አትቁጠሪ፣ በየዓመቱ ነው የሚጨምሩት። በመሀል ማስወጣት ለልጁም ለአንቺም ከባድ ነው።

ስትዞሪ ደግሞ እሷን ይዘሻት ሂጂ። እኔ ከዚያ ከመግቢያ ፈተናው በቀር ያን ሁሉ ስዞር ልጄን ቤት ትቼው ነበር፣ ሰው ፊት እንዳያፍር ብዬ። በኋላ ሲነግረኝ እሱ የገባው እኔ እሱን እንዳፈርኩበት ነው።

ኮተቤ አካባቢ ከሆናችሁ በውስጥ ጻፊልኝ፣ የቅዳሜውን ቱቶሪያል ሰዓት ጠይቄ እነግርሻለሁ።