«ደምህ ቅባት በዝቶበታል» ተባልኩ፣ እና ሌሎች የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ የላብራቶሪ ወረቀቴ ላይ «ሃይፐርሊፒዲሚያ» ተብሎ ተፅፏል፣ ሃኪሙ ወረፋ ስለበዛበት ብዙም ሳያስረዳኝ ሸኘኝ። ምን አይነት በሽታ ነው? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

አይዞህ ወንድሜ፣ ደምህ ውስጥ ያለው ቅባት ከልኩ አልፏል ማለት ነው፣ በቃ። ዋናው ነገር ግን የትኛው ቅባት ነው የሚለው ነው፣ እሱን ደግሞ ያው ወረቀት ይነግርሃል፣ አውጣውና እየው። ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮል የደም ስር ግድግዳ ውስጥ እየተጠራቀመ ለሃርት አታክና ለስትሮክ የሚዳርገው ነው፣ (ቁጥሮቹን ሁሉ በሚሊግራም ነው የምነግርህ) ከ100 በታች ቢሆን ይመረጣል፣ 190 ከደረሰ ግን ቀልድ የለም። ኤችዲኤል ተቃራኒው ነው፣ የሚያሳስበው ሲያንስ ነው፣ ለወንድ ከ40 በታች ለሴት ከ50 በታች ሲሆን። ትራይግሊሰራይድ ደግሞ ከ150 በታች ኖርማል ነው፣ 500 ካለፈ ቆሽትን ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሰው እኩል «ሃይፐርሊፒዲሚያ» ተብሎ ችግራቸው ለየብቻ ሊሆን ይችላል፣ የጎረቤት ኪኒን ተውሶ መዋጥ የሚባለውን ነገር ተወው።

ጥያቄ፦ ደሴ ስመረመር ኮሌስትሮሌ 220 ነበር፣ ኮምቦልቻ ስደግመው 5.7 ሆነ። እንዲህ ይወርዳል እንዴ? (ከኮምቦልቻ)

ኧረ ምንም አልወረደም እህቴ! አንዱ በሚሊግራም ሌላው ሚሊሞል በሚባል ሌላ መለኪያ ነው የሰራልሽ። 5.7ን በ38.67 አባዢው፣ ያው 220 ነው። ከቁጥሩ ጎን ያለችውን ደቃቃ ፅሁፍ ማየት ነው።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ሁዳዴን ሙሉ ስጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤ ሳልነካ ቆይቼ ብመረመር ትራይግሊሰራይድ 310 አሉኝ። ከየት መጣ? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ)

አባቴ ይሄ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ነው። ትራይግሊሰራይድን ጉበት ራሱ ከስኳርና ከአልኮል ይሰራዋል፣ ስለዚህ ጠዋት ቦምቦሊኖ በሶስት ማንኪያ ስኳር ሻይ፣ ከሰዓት ነጭ ዳቦ፣ ማታ ድንች ጥብስ፣ መሀል ላይ ቢራም ካለች፣ ስጋ ባይነኩም ቅባቱ ይወጣል። የረመዳን ሳምቡሳና ጣፋጭም ያው ነው፣ ሙስሊም አንባቢዎቼ እንዳትስቁ። ሌላው ዘይቱ ነው። ፓልም ዘይት ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ይላል፣ እውነት ነው የለውም፣ ግን ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን የሚያስጨምር የሚረጋ ቅባት ነው። ደሴ በብርድ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ረግቶ በማንኪያ የሚዛቀውን ያውቁታል አይደል፣ ያንኑ ጀሪካን የሐረጎን ቁልቁለት አውርደው ሞቅ የሚለው ኮምቦልቻ ቢያስቀምጡት ቀልጦ ንፁህ ዘይት መስሎ ቁጭ ይላል። እኔን ከጠየቁኝ ኑግ ወይም ሱፍ፣ እሱንም በልኩ። ስኳር በሽታንም አብረው ይመርመሩ፣ ትራይግሊሰራይድ ብዙ ጊዜ ከሱ ጋር ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቀጭን ነው፣ እንዴት ኮሌስትሮል ይገኝበታል?

ይገኝበታል። አብዛኛውን ኮሌስትሮል ሰውነታችን ራሱ ነው የሚሰራው፣ በዘር ከፍ የሚልባቸው ሰዎች አሉ፣ የታይሮይድ ማነስና የኩላሊት ችግርም ያመጣዋል። በቤተሰቡ ገና በወጣትነቱ በልብ በሽታ የሞተ ሰው ካለ ልጆቻችሁንም አስመርምሩ።

ጥያቄ፦ አቶርቫስታቲን ሶስት ወር ወስጄ ቁጥሩ ወረደ። አቁሜ ወደ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ልዙር? የ34 አመት ሴት ነኝ። (ከኮምቦልቻ)

የወረደው እኮ በመድሃኒቱ ነው፣ ስታቆሚው በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። ጥቁር አዝሙዱን ዳቦው ላይ ጣይበት ማን ከለከለሽ፣ ኪኒኑን ግን ሃኪምሽን ሳታማክሪ አታቁሚ። ጡንቻሽን ጠንከር ያለ ህመም ከያዘሽ ወይም ሽንትሽ ከጠቆረ ሳትውዪ ሳታድሪ ሂጂ። መውለድ ካሰብሽ ደግሞ ከማርገዝሽ በፊት ንገሪው፣ ስታቲን የሚባሉት፣ ያንቺ አቶርቫስታቲን ያለበት የመድሃኒት አይነት፣ በእርግዝና ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል።