ጥያቄ አለኝ፦ ፍሬቻን የፈጠረችው ተዋናይት ናት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ፣ መብራት ኃይል አካባቢ ለመንጃ ፈቃድ የማሰለጥን ሴት ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ሰልጣኜ ፍሬቻ ሳያሳይ ሊታጠፍ ሲል ተቆጣሁት። እሱም «ይሄን እኮ የፈጠረችው የድሮ የፊልም ተዋናይት ናት» አለኝ። ያን ጊዜ የቀለደ መስሎኝ አለፍኩት፣ በኋላ ግን ከነከነኝ። እውነት ነው? ከሆነስ ሴትዮዋ ማን ናት? ፊልሞቿስ ዛሬ ይታያሉ?
ወ/ሮ ሠ. ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ሰልጣኝዎ አልቀለደም። ፍሎረንስ ሎረንስ ትባላለች። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1914 አካባቢ ለራሷ መኪና ያበጀችው ነገር ግን እርስዎ የሚያውቁት ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አልነበረም። ከመኪናው ኋላ የተገጠመ ክንድ ነበር፤ ቁልፍ ሲጫኑት የምትታጠፍበትን አቅጣጫ ያመለክታል። ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ «ቁም» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፍሬቻ በቡይክ መኪናዎች ላይ የተለመደው ከ1939 ሞዴል ጀምሮ ነው። ስለዚህ ለልጁ «በሐሳቡ ከቀደሙት አንዷ ናት፣ መብራቱ ግን የሌላ ነው» ይበሉት።

ይህን ስጽፍ አባቴ ትዝ አለኝ። እዚሁ ከተማ፣ ገና ናዝሬት በሚባልበት ዘመን፣ ጋሪ ነጂ ነበር። ፍራንኮ ጋ ሲታጠፍ አለንጋውን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ከኋላው ያለው ጋሪም ያንን አይቶ ፈረሱን ይይዛል። ሲመሽ አለንጋ ለማን ይታያል? አንድ ምሽት ከኋላ የመጣ መኪና ጋሪውን ገጨው፣ ፈረሳችንም እግሯ ተሰበረ። አባቴ ለወራት ቤት ዋለ። ፍሬቻ ለእኔ ትንሽ ነገር ያልሆነው ለዚህ ነው።

የፍሎረንስም አባት ሠረገላ ሠሪ ነበር። እሷ በ1886 ካናዳ፣ ሃሚልተን ውስጥ ተወለደች። ሎረንስ የሚለውን ስም ያገኘችው ከእናቷ የመድረክ ስም ነው፤ እናቷ ተጓዥ የቲያትር ቡድን ትመራ ነበርና ልጅቷ ያደገችው በየከተማው መድረክ ላይ ነው። ኤዲሰን ኩባንያ በ1907 ላወጣው ፊልም ሲመርጣት ፈረስ መጋለብ መቻሏ ረድቷታል። በ1908 ባዮግራፍ ወደተባለው የፊልም ድርጅት ገባችና ከዳይሬክተሩ ከዴቪድ ግሪፊዝ ጋር በየሳምንቱ ለማለት በሚያስደፍር ፍጥነት አጫጭር ፊልም ትሠራ ጀመር። በሕይወቷ የሠራቻቸው ወደ 300 ይጠጋሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ በታሪኳ ውስጥ በጣም የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። ተመልካቹ ወደዳት፣ ስሟን ግን አያውቅም። ፊልም ሠሪዎቹ የተዋናዮችን ስም አያወጡም ነበር፤ ስም ያወጣ ተዋናይ ደመወዝ ጨምሩልኝ ይላል ብለው ይፈሩ ነበርና። ሕዝቡም «የባዮግራፍ ልጅ» እያለ ይጠራት ጀመር። አስቡት፣ በመስሪያ ቤትዎ ስም ብቻ ሲጠሩ!

ከባዮግራፍ ስትወጣ ካርል ሌምሌ የሚባል ባለ ፊልም ቀጠራት። በ1910 መጀመሪያ ሌምሌ፣ ፍሎረንስ ትራም ገጭቷት ሞተች የሚል ወሬ እንደተነዛ ጠቅሶ፣ «ውሸት ነው፣ በሕይወት አለች፣ ከእኛ ጋር ናት» የሚል ማስታወቂያ አሳተመ። ወሬውን ያስነዛው ራሱ ነው ተብሎ በሰፊው ይታመናል። በመጋቢት ሴንት ሉዊስ በተባለች የአሜሪካ ከተማ ለሕዝብ ስትቀርብም ሊያያት የመጣው ሰው ብዙ ነበር። ስሟ ወጣላት ማለት ነው። እኔ ግን መንገዱን አልወደውም። መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ንጋት ተጠብቆ ነው። ያለን ሰው ሞተ ብሎ ገበያ መጥራት ይከብደኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ይህ ነው። መኪናዋ ላይ ላበጀችው ነገር የፈጠራ መብት አላስመዘገበችም፤ በዚህም ምንም አላገኘችም። እናቷ ግን በ1917 በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመኪና መስታወት መጥረጊያ አስመዝግባለች። ፍሎረንስ በ1915 ቀረጻ ላይ በተነሳ እሳት ተጎዳች፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነላትም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ከፍታ ነበር። በ1930ዎቹ ኤም.ጂ.ኤም. የተባለው የፊልም ድርጅት ለቀድሞ ኮከቦች በሚሰጠው ጥቃቅን ሥራ፣ ስሟ ሳይጻፍ፣ አልፎ አልፎ ብቅ ትል ነበር። የአጥንት መቅኔ በሽታ ይዟት ስትሠቃይ ቆይታ በታኅሣሥ 1938፣ በ52 ዓመቷ፣ ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። መቃብሯ እስከ 1991 ድረስ ስም አልነበረውም። በዚያ ዓመት አንድ የፊልም ሰው ስሙ እንዳይነገር ጠይቆ ድንጋይ አሠራላት፤ ድንጋዩ ላይ ግን የተወለደችበት ዓመት 1890 ተብሎ ተጽፏል።

ሦስተኛው ጥያቄዎ ፊልሞቿን ይመለከታል። ብዙዎቹ ጠፍተዋል፤ የዚያ ዘመን የፊልም ክር ቶሎ ይበላሻል፣ እሳትም ይወዳል። የባዮግራፍ ፊልሞች ግን ብዙ ተርፈዋል። ድርጅቱ የባለቤትነት መብቱን ለማስመዝገብ እያንዳንዱን ምስል በወረቀት ላይ አትሞ ለአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያስገባ ነበር፤ በኋላ ባለሙያዎች ያንን ወረቀት መልሰው ፊልም አደረጉት። ስሟን የደበቀው ድርጅት ፊቷን አቆየልን። ከሼክስፒር ተውኔት የተወሰደውን የ1908ቱን ፊልም (The Taming of the Shrew) በስልክዎ ይፈልጉና ለሰልጣኝዎ ያሳዩት። የተዋናዮች ስም አያገኙም። በቁጣ ሰው የምታባርረዋ ካተሪና እሷ ናት።