ቅድመ አያቶቻቸው ግላስጎው የተጋቡ ልጆች

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ቅድመ አያቶች እ.ኤ.አ. በ1912 በስኮትላንዷ ከተማ ግላስጎው ውስጥ ተጋቡ። እሱ መርከብ ፋብሪካ፣ እሷ ሰው ቤት ይሠሩ ነበር ይባላል። ለልጆቼ የዘር ሐረጋቸውን ለመጻፍ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከጋብቻ መዝገቡ ይጀምሩ። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ መዝገብ የአባቶችን ስም ብቻ ሲይዝ፣ የስኮትላንዱ የእናቶችንም ከነትውልድ ቤተሰብ ስማቸው ይሰጣል። በአንድ ገጽ አራት ወላጆች አገኙ ማለት ነው! «ስኮትላንድስ ፒፕል» በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ስም መፈለግ በነፃ ነው፤ ገጹን ለማየት ግን ይከፈላል።

ጋብቻው በቄስ ፊት ሳይሆን ምስክሮች ባሉበት በቃል ተፈጽሞ በሸሪፍ (በስኮትላንድ ዳኛ ነው) ትእዛዝ ተመዝግቦ ቢያገኙት አይደንግጡ። እስከ 1940 ሕጋዊ ነበር፤ ብዙ ሠራተኞችም እንዲሁ ተጋብተዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስም ላይ ነው። የበኩር ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም የመጠራት ልማድ ስለነበረ፣ በአንድ ሰፈር ስማቸው አንድ የሆነ የአጎት ልጆች ይበዛሉ። ስለዚህ ያገኙትን ሰው «የኛ ነው» ከማለትዎ በፊት የእናትን የትውልድ ቤተሰብ ስም፣ አድራሻና ሥራ ያመሳክሩ።

ቀጥሎ የሕዝብ ቆጠራ። የ1911ዱ ሁለቱን ከጋብቻ በፊት ያሳያል፤ መስኮት ያላቸው ክፍሎች ስንት እንደሆኑ፣ ያገቡ እናቶች ስንት ወልደው ስንት እንደቀሩላቸውም ጭምር። የ1921ዱ ባልና ሚስቱን አብረው፣ ከአሠሪያቸው ስም ጋር ይሰጥዎታል።

የሴቷን ሞት በባሏም በትውልድ ቤተሰቧም ስም ይፈልጉ።