«የባሕር ምግብ ፓስታ» ወይስ «ፓስታ በዓሣ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ባለፈው ሳምንት አማቴ ከቢቸና መጥተው ነበር። ለእራት ፓስታ ቀቅዬ፣ ከገበያ በገዛሁት ቆሮሶ ዓሣ ስጎ ሠራሁላቸው። «ምንድን ነው ልጄ?» ሲሉኝ «የባሕር ምግብ ፓስታ» አልኳቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ። ዓሣ መሆኑን ስነግራቸው ግን ደስ ብሏቸው በሉ። ስሙን ተሳስቼ ነው? ደግሞም አሠራሩን ለእህቴ ስጽፍላት «ሽንኩርቱን ጥበሺው» ብዬ ነበር። ባለቤቴ «ሽንኩርት አይጠበስም» አለኝ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አማትሽ እጃቸውን የሰበሰቡት በምግቡ አይመስለኝም፤ በስሙ ነው።

«የባሕር ምግብ» ከውጭ ቋንቋ ቃል በቃል የተመለሰ አጠራር ነው። እዚያ ዓሣን ብቻ አይደለም የሚያመለክተው፤ ሽሪምፑም፣ ሸርጣኑም፣ በዛጎል ውስጥ የሚኖረውም በዚሁ ስም ይጠራል። እኛ ዘንድ ደግሞ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 አልተረሳም። ከውሃ የወጣ ነገር ማዕድ ላይ ሲቀርብ «ክንፍና ቅርፊት አለው ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ቅርፊት የለውም ብለው አምባዛን እንኳ የማይቀምሱ ብዙ እናቶች አሉ። ቆሮሶ ግን ቅርፊት አለው። «ቆሮሶ ነው፣ እማማ» ብትያቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

አንዳንድ ሰው ሌላ ምክንያት ይሰጥሻል፤ «ጣና ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለም» ይልሻል። ይህን አልቀበልም። ጣና ውሃው ጨው የሌለበት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ እውነት ነው። በአማርኛ ግን ሰፊ ውሃ ባሕር ሲባል ኖሯል። የከተማሽ ስም ራሱ ምስክር ነው። ባሕር ዳር የተባለችው በጣና ዳር ስለተቀመጠች አይደል? ሐይቅንና ባሕርን መለየት ለጂኦግራፊ ትምህርት ይጠቅማል፤ ያባቶቻችንን አነጋገር ለማረም ግን አይሆንም።

ታዲያ ምን እንበለው? «ፓስታ በዓሣ»። እዚህች «በ» ላይ ትንሽ ልቆይ፣ በጣም ስለምወዳት። አማርኛ ዋናውን ምግብና አብሮት የሚበላውን የሚያገናኘው በእሷ ነው፦ እንጀራ በወጥ፣ ዳቦ በሻይ፣ ሩዝ በአትክልት፣ ፓስታ በስጎ። «የ» ግን በእህል ምግብ ላይ ሲገባ ብዙ ጊዜ ከምን እንደተሠራ ይናገራል፦ የጤፍ እንጀራ፣ የስንዴ ዳቦ። ስለዚህ «የዓሣ ፓስታ» ሲባል ሊጡ ራሱ ከዓሣ የተቦካ ይመስላል። «የዓሣ ወጥ» ግን ምንም እንከን የለበትም፤ ወጥ በውስጡ ባለው ይጠራልና። «ፓስታ»ም «ስጎ»ም «ሳልሳ»ም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። «በ» ግን የራሳችን ናት፤ እንግዶቹን ቃላት በአማርኛ ወግ ታስተናግዳቸዋለች።

በሽንኩርቱ ነገር ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። ዓሣ ይጠበሳል፣ ሥጋ ይጠበሳል፤ ሽንኩርት ግን ይቁላላል። «አቁላላ» የ«ቆላ» ቤተሰብ ነው፤ «ቁሌት»ም ከዚያው ነው። ቡና ሲቆላ እጅ እንደማያርፍ፣ ሽንኩርትም ከድስቱ እንዳይዝ እያማሰሉ ነው። «ጥበሺው» ብትያት እህትሽ ዘይት አግላ፣ ሽንኩርቱን ጨምራ ልትተወው ትችላለች። «አቁላዪው» ብትያት ግን ቃሉ ራሱ «አማስይ» ይላታል። ፓስታው ደግሞ እንደ ድንችና እንደ እንቁላል ይቀቀላል። «ማብሰል» ስሕተት ባይሆንም ለሁሉም ስለሚሆን እንዴት እንደሚሠራ አይነግራትም። ውሃ ውስጥ ሲቆይ የሚሆነውንም «በጣም በሰለ» አንለውም፤ «ላቆጠ» እንላለን።

እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፍላት ነበር፦ «ሁለት ራስ ሽንኩርት አድቅቀሽ በዘይት አቁላዪ። ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስት የተከተፈ ቲማቲምና አንድ ማንኪያ ሳልሳ ጨምረሽ ቁሌቱ እስኪወፍር አማስይው። አጥንቱ የተለቀመ ቆሮሶ በትንንሹ ቆርጠሽ መጨረሻ ላይ ጨምሪ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አታማስይው፣ ይፈረፈራል። ግማሽ ኪሎ ፓስታ ጨው ባለው በፈላ ውሃ ቀቅዪ። ሳይላቁጥ አውጥተሽ አጥልይው፤ ከውሃው ግን አንድ ጭልፋ አስቀሪና ስጎው ላይ ጨምሪበት። ትኩሱን አቅርቢው።»