ሰባት ለዜሮ

ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ፕሌይስቴሽን ቤት 7 ለ 0 ተሸነፍኩ። ያሸነፈኝ ልጅ ቢበዛ 14 ዓመቱ ነው። እኔ 60 አልፌያለሁ። 34 ዓመት በሒሳብ ሥራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ሰፈር ውስጥ «ጋሼ» ተብሎ ወንበር የሚለቀቅልኝ ሰው ነኝ። አምስተኛው ጎል ሲገባ ልጁ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ፋዘር ይረጋጉ፤ ኤክስን ደጋግመው አይጫኑት» አለኝ። ስድስተኛው ሲገባ ግን ማዘኑን ተወው። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ሶፋው ላይ በሳቅ ተንከባለሉ።

ጋቢዬን አስተካክዬ ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ለምን ደስ እንዳለኝ ልንገራችሁ።

እዚህ ከተማ ደሞዝ የማያመጣ ነገር ስትጀምሩ የምትሰሙት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን ታተርፍበታለህ?» ብረት ስትገፉ ይሄው ነው፣ ጌም ስትጫወቱ ይሄው ነው። የመኪና ውድድር ስታዩማ «ለመሆኑ መኪና አለህ?» ይጨመርበታል። እኔ ትርፍና ኪሳራ እያሰላሁ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝና ጥያቄው አይከፋኝም። መልሱ ግን ወደ ኋላ ይወስደኛል።

ብረት መግፋት የጀመርኩት በ1974 ዓ.ም.፣ የ17 ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ጂም የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው የኒዶ ጣሳ ነው። ሁለት ትልልቅ ጣሳ ትፈልጋላችሁ። ሲሚንቶና አሸዋ ቤት ከሚያሠራ ሰው ትለምናላችሁ (ልመና ያልኩት ለጨዋነት ነው)። የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አንዱ ጣሳ ውስጥ ታቆሙና ትሞሉታላችሁ። ሲደርቅ ገልብጣችሁ በሌላው ጫፍ ትደግሙታላችሁ። እንዳይሰነጠቅ ጠዋትና ማታ ውሃ እያጠጣችሁ አንድ ሳምንት ትጠብቃላችሁ። ያ ሳምንት አያልቅም።

የኛ ብረት ሲደርስ ወደ ቀኝ ያጋድል ነበር። ባነሳሁት ቁጥር እኔም አብሬው አጋድላለሁ። ጓደኞቼ ጥፋቱን የኔ ትከሻ ላይ አደረጉት። አላመንኩም። ለሁለት ተሸክመነው ቅዳሜ ገበያ ወረድንና አንድ በርበሬ ነጋዴ ሚዛን ላይ አንደኛውን ጫፍ፣ ቀጥሎ ሌላውን አስመዘንን። ሰውዬው እየሳቀ መዘነልን። የቀኙ 2 ኪሎ ይበልጣል። የግራው ላይ ድንጋይ በገመድ አሰርኩበትና ሒሳቡ ተዘጋ። በኋላ ሒሳብ ስማር እናቴ «ድሮም ያስታውቅ ነበር» ትል ነበር።

ከዚያ ሥራ ያዝኩና ብረቱን ረሳሁት። ወንበር፣ መዝገብ፣ ካልኩሌተር። በ41 ዓመቴ ወገቤ አላስቀምጥ ሲለኝ ወደ አንድ ጂም ሄድኩ። እዚያ ነው የተሳሳትኩት። የክብደት ማንሻው ዘንግ ራሱ፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ የወንዶቹ 20 ኪሎ፣ የሴቶቹ 15 ኪሎ ነው። ጀማሪ በባዶው ይጀምራል። እኔ ግን በባዶው መጀመር አፈርኩ። ግራና ቀኜ ያሉት ልጄ የሚሆኑ ጎረምሶች ናቸው፤ እኔ የክፍል ኃላፊ ነኝ። ጫንኩበት። አሰልጣኙ ዞር ብሎ አላየኝም፣ እኔም ዞሬ አልጠየቅኩትም። በእግሬ መነሳት ሲገባኝ በወገቤ ጎተትኩት። ቀጭ አለ። ሦስት ሳምንት መሬት ላይ ተነጥፎልኝ ተኛሁ። ባለቤቴ ሾርባ እያቀረበች «ማንን ልታሸንፍ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስድን ተመልሼ ሄድኩና ባዶውን ዘንግ ያዝኩ። ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አጠገብ ለስድስት ሳምንት ባዶ ዘንግ አነሳሁ። ክብደት በክንድ የሚነሳ ይመስለን ነበር። ለካ ሥራው የእግር ነው። ጀርባ ቀጥ ብሎ ይጠብቃል፣ ወለሉን የሚገፋው እግር ነው፣ ክንድ እንደ ገመድ ይይዛል። ናይም ሱለይማኖግሉ የሚባል ቱርካዊ ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ47 ሳንቲ። በእናንተ ሰፈር ቢያልፍ «ማሙሽ» ትሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ኦሎምፒክ ላይ በ60 ኪሎ ምድብ ገብቶ 190 ኪሎ ከራሱ በላይ አነሳ። የሰውነቱን ክብደት ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ያ በክንድ አይሆንም። ሴት ልጆችም ብትሆኑ «የወንድ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። የሴቶች ክብደት ማንሳት እ.ኤ.አ. ከ2000ው የሲድኒ ኦሎምፒክ ጀምሮ አለ። ያቺ ተማሪ እኔ ገና ባዶውን ሳነሳ እሷ 40 ደርሳ ነበር።

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ፒችትሪ የሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ገባ። የሒሳብ ሥራው ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሊዞር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። መዝገብ ላይ ያለች አንዲት የተሳሳተች ሳንቲም በጠረኗ የምትታወቀው ይመስል ነበር፤ እንደሱ ያለ ሒሳብ አዋቂ አላየሁም። ሥልጠናውን የምትሰጠው የ23 ዓመት ልጅ ነበረች። እሱ ከኋላ ወንበር ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። አንድም ቀን ኪቦርዱን አልነካም። «አይኔን ያመኛል» ይል ነበር። አይኑን አላመመውም። አለማወቁ እንዳይታይ ነው። እኔ ግን ባዶ ዘንግ በሰው ፊት አንስቼ ነበርና «እመቤት፣ የቱን ነው የምጫነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አልከበደኝም። እሱ ከዓመት በኋላ ሥራ ለቀቀ። ዛሬም ጠዋት ጠዋት አንድ ካፌ በር ላይ ሲቀመጥ አየዋለሁ። ማኪያቶው እስኪበርድ መንገዱን ያያል። ስለ ድሮ መዝገብ ብቻ ነው የሚያወራው።

እንግዲህ የትርፍ ጊዜ ነገራችሁን አብዙት የምላችሁ ለዚህ ነው። በሥራችሁ አንድ ቀን አዋቂ ትሆናላችሁ። አዋቂ ከሆናችሁ በኋላ ደግሞ የሚያርማችሁ ሰው ያልቃል። ጀማሪ የምትሆኑበት ሌላ ቦታ ያስፈልጋችኋል።

የመኪና ውድድር እንኳን በኋላ የመጣ ፍቅር ነው። ጎንደር የኳስ ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ እኔም ወጥቼ ጨፍሬያለሁ። ዲኤስቲቪ ቤት ግን እሁድ ስለ ጎማ የማወራው እኔ ብቻ ነኝ። ፎርሙላ ዋን የያዘኝ በጩኸቱ አይደለም፣ በሒሳቡ ነው። ከ20 በላይ ሰው መኪናዋን ከቦ አራት ጎማ ቀይሮ ይለቃታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኳታር ላይ ማክላረን በ1.80 ሴኮንድ ቀየረው። ይቺን ዓረፍተ ነገር አንብባችሁ ሳትጨርሱ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ከ2021 ጀምሮ ለቡድኖቹ የወጪ ጣሪያ ወጣላቸው፤ በመጀመሪያው ዓመት 145 ሚሊዮን ዶላር። አንዱ ቡድን ከጣሪያው አለፈና 7 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ይሄን ስሰማ ከወንበሬ ተነሳሁ። እዚያም ኦዲተር አለ!

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ለጎንደር ልጅ የሚጥም። የሜክሲኮ ሲቲ መወዳደሪያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። የኛ ከተማም ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ እዚያ ለመኪናዎቹ ትልቁን ክንፍ ቢገጥሙላቸውም መኪናዋን መሬት ላይ የሚጫናት አየር ያንሳል፣ ሞተሩና ፍሬኑም ቶሎ አይበርዱም። ከመተማ የመጣ እንግዳ ዳገት ላይ ሲያለከልክ የምትስቁበት ነገር የዓለም መሐንዲሶችን እንቅልፍ ይነሳል። ያቺን ውድድር እንደ ሰፈሬ ጨዋታ ነው የማያት።

ከውድድር ለመንገድ የሚተርፍ ነገርም አለ። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሊማሊሞን ስወርድ ድሮ መታጠፊያው ውስጥ ገብቼ ነበር ፍሬን የምይዘው፤ አብረውኝ ያሉት ሰዎች ይጸልዩ ነበር። ተወዳዳሪዎቹን ሳይ ገባኝ። ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት፣ መሪው ቀጥ እንዳለ ነው። ማርሽ ቀንሶ መግባት፣ ዓይንን ከገደሉ አንስቶ መውጫው ላይ ማድረግ። የምታዩበት ነው የምትሄዱት። አሁን ሰዎቹ ያወራሉ እንጂ አይጸልዩም።

እናንተ ማታ ማታ የአዘዞን መንገድ በሞተር የምታስጮሁት ግን፣ ሄልሜቱን ክንዳችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ የምትበሩት፣ እናንተን ተወዳዳሪ አልላችሁም። ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዛችሁ ለመቆም የሚያስፈልጋችሁ መንገድ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ፊዚክስ ጎበዝ ነህ ብሎ አይምርም። ተወዳዳሪ ሕፃን የማያቋርጠው፣ አህያ የማይቆምበት መንገድ አለው። እኛ የለንም። ስለዚህ የኔ ውድድር ስክሪን ላይ ነው።

በዚህ አትሳቁ። ያን ማርደንበሮ የሚባል እንግሊዛዊ ልጅ ግራን ቱሪስሞ የሚባለውን የመኪና ውድድር ጌም ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጫወት ነበር። በጨዋታው በተዘጋጀ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2011 አሸንፎ እውነተኛ የውድድር መኪና ውስጥ ገባ፤ «ሌ ማን» በሚባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድር ላይም ተወዳድሯል። ይሄን የነገርኳችሁ ግን እናንተም ትሆናላችሁ ብዬ አይደለም። በብዙ ሺህ ተጫዋች መካከል አንድ ነው። ጌምን ሥራ አደርገዋለሁ ብላችሁ ትምህርት እንዳታቆሙ። ደግሞ ሥራ ካደረጋችሁት የምትሸሹበት ሌላ ጌም ልትፈልጉ ነው።

ጌም ላይ ሁለት ነገር እፈራለሁ። አንዱ መጠን ማጣት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል፤ ዝርዝሩ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ብዙ ሰዓት መጫወት ብቻውን በሽታ አይደለም። መቆጣጠር ሲያቅታችሁ፣ ከሁሉ ነገር ሲቀድም፣ እየጎዳችሁም ሳትተዉት ሲቀር፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። ራሳችሁን ፈትሹ። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። «ተሸናፊ ይከፍላል» እስከ ጨዋታው ሒሳብ ድረስ ይሁን፣ ግድ የለም፤ እኔም ቅዳሜ ከፍያለሁ። ከዚያ አልፎ ቤቲንግ ከሆነ ግን ጨዋታው አበቃ። በሥራ ዘመኔ የሰው ደሞዝ በዚያ በኩል ሲፈስ አይቻለሁ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት ሰዎች የቤት ኪራይ አስይዘው የሚጫወቱ አልነበሩም።

ለምን ሦስት ነገር? አንዱ አይበቃም ወይ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እነዚህ ጥቂት ዓመታት ለጎንደር ልጅ ቀላል እንዳልነበሩ ታውቃላችሁ። መንገድ ሲዘጋ ሊማሊሞ ቀረ። ኔት ሲጠፋ ውድድሩ ቀረ። መብራት ሲሄድ ጌሙ ቀረ። ያኔ ጓሮ ወጥቼ ብረቴን ገፋሁ። ጉልበቴን ሲያመኝ ደግሞ ብረቱ ቀርቶ ገበጣ ከጎረቤቴ ጋር ተጫወትኩ። እሱም ያሸንፈኛል።

ያን የ14 ዓመት ልጅ ስሙን አልጠየቅኩትም። «የኔታ» እለዋለሁ። መጀመሪያ አፈረ፣ አሁን ለምዶታል፤ እንዲያውም ይቆጣኛል። ኤል ዋንን ተጭኜ ተጫዋች መቀየር እረሳለሁ፣ ኳሱ አጠገቤ ሲያልፍ በቆመው ተከላካይ ላይ እሟገታለሁ። «ፋዘር፣ ኳሱን ሳይሆን ሰውየውን ይዩ» ይለኛል። ማታ ቤት ገብቼ ይሄን ደብተር ላይ ጻፍኩት። ባለቤቴ አየችና «አሁን ደግሞ ምን ልትሆን ነው?» አለችኝ። የድሮው የኒዶ ብረት በበሩ ሥር ነው ያለው፤ ነፋስ እንዳይዘጋው በሩን ታስደግፍበታለች። ድንጋዩ ወድቋል፣ አሁንም ወደ ቀኝ ያጋድላል።

ለፊታችን ቅዳሜ ቀጠሮ ይዘናል። የኔታ «በግራ እጄ ብቻ ልጫወት» ብሎ ነበር፤ እምቢ አልኩት።